ኮምፒዩተር የጻፈውን የቫዮሊን ኖታ ስለ ማረም

ኖታ ማንበብ ለጀመሩና ለሙዚቃ ክበብ አባላት የቀረበ ትምህርት

በዛሬው ጊዜ አንድ ተማሪ የቫዮሊን ዜማ በድምፅ ተቀርጾ በእጁ ካለ፥ ድምፁን ለኮምፒዩተር ሰጥቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በአምስቱ መስመር ላይ የሰፈረ ኖታ ሊቀበል ይችላል። ቀድሞ ይህን ሥራ የሚሠራው ጆሮው የሠለጠነ ሰው ነበር፤ እርሱም ሸክላውን ደጋግሞ እያስጀመረ አንዱን ገጽ ለመጻፍ ምሽቶች ይፈጁበት ነበር። ድካሙ መቅለሉ መልካም ነው። ነገር ግን ከኮምፒዩተሩ የሚወጣው ወረቀት ንጹሕ ስለሆነ፥ ነጥቡ ክብ፥ መስመሩም ቀጥ ያለ ስለሆነ፥ ብዙዎች እንደ ታተመ መጽሐፍ ያምኑታል። የመልኩ ንጽሕና ስለ እውነተኛነቱ ምንም አይመሰክርም።

ነገሩ ለእኛ ቀላል አይደለም። የታወቀ የአውሮፓ ድርሰት ተሳስቶ ቢጻፍ የታተመ ቅጂ ስላለ አመሳክሮ ማረም ይቻላል። በአገራችን ግን በሸክላና በካሴት እንጂ በኖታ ያልቀረ ዜማ ብዙ ነው። ካሴቱ አርጅቶ፥ ተጫዋቹም በሕይወት ሳይኖር ሲቀር፥ ከኋላ የሚቀረው ኮምፒዩተሩ የጻፈው ወረቀት ብቻ ቢሆን፥ ስሕተቱ ዜማው ራሱ ሆኖ ይቀራል። አንዱ ክበብ ከሌላው ይገለብጠዋል፤ አዲሱ ተማሪም ያንኑ ያጠናዋል፤ ከዚያ በኋላ «ይህ ልክ አይደለም» የሚል ሰው ቢነሣ ማስረጃ አይኖረውም።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሻው ይህን ነው። የኮምፒዩተሩ ስሕተት እንዲያው እንደ ጥሬ የተበተነ አይደለም፤ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ከቫዮሊኑ አካልና ከደጋኑ አሠራር የሚመነጭ ነው። ምክንያቱን ያወቀ አራሚ ስሕተቱ የት እንደሚደበቅ አስቀድሞ ያውቃል። ጥርጣሬ ሲገባው ደግሞ የሚፈርድለት ዳኛ ቫዮሊኑ ራሱ ነው። (የታተመ ኖታ በፎቶግራፍ ተነሥቶ ሲሰጠው አንብቦ የሚገለብጥ ሌላ ዓይነት ፕሮግራምም አለ፤ የእርሱ ስሕተት የዓይን ስሕተት ስለሆነ ለዛሬ እንተወዋለን።)

ኮምፒዩተሩ እንዴት እንደሚሰማ

አራቱ የቫዮሊን ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ሶል፥ ሬ፥ ላ እና ሚ ናቸው። በሰከንድ የሚያደርጉት ንዝረት በቅደም ተከተል 196፥ 293.7፥ 440 እና 659.3 ነው። ንዝረቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል። ይሁን እንጂ አንድ ክር በደጋን ሲገዘገዝ አንድ ንዝረት ብቻ አይወጣም፤ የሶል ክር 196 ሲል ከእርሱ ጋር 392፥ 588፥ 784 እያለ የሚቀጥል የድምፅ ቤተሰብ አብሮት ይመጣል። ኮምፒዩተሩ ከዚህ ቤተሰብ መካከል አባትየውን ለይቶ ስሙን መጻፍ አለበት።

ሌላው ችግር የጊዜ ነው። ኮምፒዩተሩ ድምፁን በተለመደው አሠራር በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካና በትንንሽ ቁራጭ ከፍሎ ይመረምረዋል። 2,048 ልክ የያዘ ቁራጭ 0.046 ሰከንድ ያህል ነው። በዚህ ቁራጭ አማካይነት ንዝረትን ለመለየት ያለው ወንፊት ዓይኑ 21.5 ንዝረት ስፋት አለው። በወፍራሙ ክር ከሶል እስከ ሶል ሻርፕ ያለው ልዩነት ግን 11.7 ብቻ ስለሆነ፥ ሁለቱ ድምፆች በአንድ ዓይን ያልፋሉ። በቀጭኑ ክር ከሚ እስከ ፋ 39 ንዝረት ስላለ በዚያ በኩል ችግር የለም። ታዲያ ቁራጩን ለምን አያረዝመውም ቢባል፥ ቁራጩ ሲረዝም ፈጣኖቹ ኖታዎች ይደበላለቁበታል፤ በደቂቃ 120 ሩብ ኖታ በሚሄድ ዜማ አንዱ አሥራ ስድስተኛ ኖታ የሚቆየው 0.125 ሰከንድ ብቻ ነው። አዲሶቹ ፕሮግራሞች በዚህ ቀላል ወንፊት ብቻ አይሠሩም፤ ከብዙ ምሳሌ የተማሩ ናቸው። ቢሆንም አራሚው በወፍራሙ ክር ላይ የተጻፈውን ከቀጭኑ ይልቅ ቢጠራጠር አይሳሳትም።

«ከምሳሌ የተማሩ» ስንል ምሳሌው ምን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በዚህ ሙያ ከታወቁት የማስተማሪያ ክምችቶች አንዱ፥ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውና 200 ሰዓት ያህል የሚደርሰው ማየስትሮ የተባለው፥ የያዘው የፒያኖ ሙዚቃ ብቻ ነው። ፒያኖ መዶሻው ክሩን ሲመታ ድምፁ በአንድ ቅጽበት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ እየደከመ ይሄዳል እንጂ አይነቃነቅም። የቫዮሊን ድምፅ ግን ከዝምታ ቀስ ብሎ ሊወጣ፥ በመሐል ሊያይል፥ ከአንዱ ከፍታ ወደ ሌላው ሳይቆረጥ ሊንሸራተት ይችላል። በፒያኖ የሠለጠነ ጆሮ ቫዮሊን ሲሰማ ባላገር ከተማ እንደገባ ያህል ግራ ይጋባል።

ከሁሉ አስቀድሞ የካሴቱ ፍጥነት

አንድም ኖታ ከመታረሙ በፊት መመርመር ያለበት የተቀረጸው ድምፅ ፍጥነት ነው። የካሴት ወይም የሸክላ ማጫወቻ በመቶ 6 ያህል ቢፈጥን ዜማው በሙሉ በአንድ ግማሽ ቶን ከፍ ይላል። ይህ እንኳ ቀላሉ ነው፤ ሁሉም እኩል ስለ ተነሣ ሁሉንም እኩል ማውረድ ይቻላል። የከፋው በመቶ 3 ያህል ሲዛነፍ ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ድምፅ በሁለት ኖታዎች ትክክለኛ መካከል ስለሚወድቅ ኮምፒዩተሩ አንዱን ወደ ላይ፥ ሌላውን ወደ ታች እየገፋ ይጽፈዋል። ከዚህ የሚወጣው ወረቀት በሻርፕና በፍላት የተሞላ ይሆናል፤ አንድ በአንድ ቢያርሙትም መጨረሻ የለውም።

መድኃኒቱ ክፍት ክር መፈለግ ነው። ጣት ያልነካው ክር ቪብራቶ ስለሌለው ቀጥ ብሎ ይሰማል፤ ደጋኑም ከተነሣ በኋላ ጥቂት ይጮኻል። በአንድ ዜማ ውስጥ እንዲህ ያለ ላ አይጠፋም። ተለክቶ 453 ሆኖ ቢገኝ በ440 ፈንታ በመቶ 3 ያህል በዝቷልና ድምፁን በዚያው መጠን አውርዶ እንደገና ለኮምፒዩተሩ መስጠት ነው። ምናልባት ተጫዋቹ ራሱ ክሩን ከፍ አድርጎ ቃኝቶት እንደሆነስ? ለኖታው ልዩነት የለውም፤ ልዩነት የሚያመጣው በራስጌ ለሚጻፈው የፍጥነት ቍጥር ነው። በእርግጥ ቫዮሊን ተጫዋች ክሮቹን የሚቃኘው በንጹሕ አምስተኛ ስለሆነ፥ ከ440 ተነሥቶ ሚ 660፥ ሬ 293.3 ይሆናል እንጂ በፒያኖው ልክ አይገኝም። ይህ ግን እጅግ ትንሽ ልዩነት ስለሆነ ኮምፒዩተሩን አያሳስተውም።

የኦክታቭ ስሕተት

በቫዮሊን ኖታ ላይ ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት የኦክታቭ ነው። ምክንያቱ የሚያስገርም ነው። በቫዮሊኑ ሣጥን ውስጥ ያለው አየር በሰከንድ ከ270 እስከ 290 በሚደርስ ንዝረት አካባቢ ያስተጋባል፤ ከዚያ በታች የሆነውን ድምፅ ሣጥኑ አጉልቶ ለማውጣት አቅም የለውም። እንግዲህ የሶል ክር መሠረታዊ ድምፅ 196 ስለሆነ ወደ ውጭ የሚደርሰው ደክሞ ነው። እኛ ዝቅተኛውን ሶል በሚገባ የምንሰማው ጆሮአችን ከ392ና ከ588 ተነሥቶ የጎደለውን አባት ስለሚፈርድ ነው። ኮምፒዩተሩ ይህን ፍርድ ሲስት 392 ጎልቶ ስላየ ሶልን በአንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጎ ይጽፋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ዜማው በወፍራሙ ክር ላይ በእርጋታ ሲወርድ ቆይቶ አንድ ኖታ ብቻ በድንገት ወደ ላይ ይዘልና ወዲያው ይመለሳል። እንዲህ ያለ ዝላይ ሲገኝ አራሚው ኦክታቩን አውርዶ ይጫወተው፤ ዜማው ከተቃና ጉዳዩ አለቀ።

ተቃራኒው ስሕተት ደግሞ አለ። ከክፍቱ ሶል በታች የተጻፈ ማናቸውም ኖታ፥ ክሩ ሆን ተብሎ ካልወረደ በቀር፥ ቫዮሊን ሊያወጣው የማይችል ነው። እንዲህ ያለውን ኮምፒዩተሩም ፍለጋ አድርጎ ሊያወጣልን ይችላል። ግን ተንኰለኛው በቫዮሊኑ ክልል ውስጥ ሆኖ ዝቅ ብሎ የሚጻፈው ነው። ክፍት ላና ክፍት ሚ አብረው ሲገዘገዙ 440ና 660 ይሆናሉ፤ የሁለቱ ድምር ሞገድ በሰከንድ 220 ጊዜ ራሱን ይደግማል። አንድ ድምፅ ብቻ የሚፈልግ ፕሮግራም ስለዚህ ሁለቱን ትቶ ማንም ያልተጫወተውን ዝቅተኛ ላ ይጽፋል። ነገሩ የኮምፒዩተር ብቻ እንዳይመስል፥ ጣሊያናዊው ቫዮሊን ተጫዋች ጁዜፔ ታርቲኒ ሁለት ክር አብሮ ሲገዘግዝ ሦስተኛና ዝቅ ያለ ድምፅ እንደሚሰማው እ.ኤ.አ. በ1714 አስተውሎ፥ በ1754 በታተመው መጽሐፉ ገልጾታል። ለተማሪዎቹም ሁለቱ ክሮች በትክክል መግጠማቸውን ለማወቅ ይህን ሦስተኛ ድምፅ እንዲያዳምጡ ያስተምር ነበር። ለእርሱ የጠቀመው ድምፅ ለእኛ በወረቀት ላይ ቢገኝ ይሰረዛል።

እጅ ሲፈርድ

ሁለት ኖታ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ሲጻፍ፥ መጠየቅ ያለበት «ይህ በጣት ይያዛልን?» የሚለው ነው። አንድ ክር በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ ሁለቱም ኖታዎች ከክፍቱ ሬ በታች ከሆኑ፥ ሁለቱም ያላቸው ማደሪያ የሶል ክር ብቻ ስለሆነ፥ አንደኛው ሐሰት ነው። ይህ ሕግ የሙዚቃ ጆሮ እንኳ አያስፈልገውም፤ ገጹን በዓይን ብቻ እየተመለከቱ ሊሠሩበት ይቻላል።

የሐሰት ድርብ ኖታ የሚወለደው ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የአዳራሽ ማስተጋባት ነው፤ ያለፈው ኖታ ጅራቱ ገና ሳይሞት አዲሱ ስለሚጀምር ኮምፒዩተሩ አብረው የተመቱ አድርጎ ይቈጥራቸዋል። ሁለተኛው ያልተነካ ክር መርዳቱ ነው፤ በሬ ክር ላይ 392 የሆነው ሶል ሲመታ ክፍቱ የሶል ክር ማንም ሳይነካው አብሮ ይጮኻል። አራሚው እነዚህን ሲያገኝ ዝቅተኛው ድምፅ ከደጋኑ ጋር ጀምሮ ከደጋኑ ጋር ያቆም እንደሆነ ያዳምጥ። የተገዘገዘ ክር ጅምሩ ይታወቃል፤ ያስተጋባ ክር ግን ዘግይቶ ይመጣና ዘግይቶ ይሄዳል።

ባለ ሦስትና ባለ አራት ድምፅ ኅብር ሌላ ነገር ነው። ክሮቹን የሚሸከመው ድልድይ ቅስት ስለሆነ ደጋኑ አራቱን እኩል አይነካም፤ የታችኞቹን ሁለት ነክቶ ወደ ላይኞቹ ይሻገራል። ባኽ ለብቻው ቫዮሊን የጻፈው የመጀመሪያው ሶናታ በሶል፥ ሬ፥ ሲ ፍላትና በላይኛው ሶል ኅብር ይከፈታል። ኮምፒዩተሩ ይህን ሲሰማ የታችኞቹን ሁለት እንደ ሠላሳ ሁለተኛ ኖታ ከምቱ በፊት ያስቀምጣል፤ የላይኞቹን ለብቻ ይጽፋል፤ ባሩም ትርፍ ጊዜ ስለሚያገኝ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ከቦታው ይገፋል። አራቱን በአንድ ግንድ ሰብስቦ መጻፍ ነው።

ስለ ቪብራቶ፥ ስለ መንሸራተትና ስለ ደጋን

ቪብራቶ በሰከንድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ያህል ድምፁን ያወዛውዛል። ውዝዋዜው ሰፋ ሲል ኮምፒዩተሩ አንዱን ረዥም ኖታ በሁለት አጎራባች ኖታዎች መካከል እየተመላለሰ እንደ ትሪል ይጽፈዋል። መንሸራተትም እንዲሁ ነው፤ ጣት ከላ ወደ ዶ ሲሳብ በመካከሉ ሲ ፍላትና ሲ ትንንሽ ኖታ ሆነው ይታያሉ።

ይህን ለመለየት ድምፁን ከፍታው ሳይለወጥ በግማሽ ፍጥነት ማዳመጥ፥ ከተቻለም ድምፁን በሥዕል የሚያሳይ ፕሮግራም መጠቀም ይረዳል። በለንደን ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሶኒክ ቪዡዋላይዘር ለዚህ የሚሆን ነው፤ በነጻ ይገኛል። በሥዕሉ ላይ እውነተኛ ኖታ ደረጃ ሆኖ ይታያል፤ መንሸራተት ዳገት ነው፤ ቪብራቶ ማዕበል ነው፤ ትሪል ደግሞ በሁለት ደረጃዎች መካከል የሚመላለስ ነው። የማዕበሉ መካከል ኖታው ነው።

ሆኖም እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ትንንሽ ኖታ ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። የአገራችን ዜማ በቫዮሊን ሲጫወት ተጫዋቹ ብዙ ጊዜ የማሲንቆን ጠባይ ይወርሳል፤ ማሲንቆ ገዝጋዥ ክሩን ከእንጨቱ ጋር ሳያጣብቅ በጣቱ ነካ እያደረገ ስለሚጫወት በዋናው ድምፅ ዙሪያ ፈጣን ጌጥ ይሠራል። ኮምፒዩተሩ ቆሻሻውንም ጌጡንም በአንድ ዓይነት ትንሽ ኖታ ስለሚጽፍ፥ የቸኰለ አራሚ ሁለቱንም ጠርጎ ይጥላል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው አጥንቱ ብቻ የሆነ ዜማ ነው። እንደ እኔ አስተያየት ኮምፒዩተሩ ከሚያጠፋው ይልቅ እንዲህ ያለው «ማጽዳት» የሚያጠፋው ይበልጣል። ያው ጌጥ በየድግግሞሹ በዚያው ቦታ ከተመለሰ ተጫዋቹ ያሰበው ነው፤ በትንሽ ኖታነት ይጻፍ።

የደጋኑን ነገር ኮምፒዩተሩ ጨርሶ አያውቀውም ማለት ይቻላል። በአንድ ስበት የተያያዙትን ኖታዎች በቅስት አያይዞ አይጽፍም፤ ደጋኑ ሲመለስ የሚሰማውን ትንሽ ጩኸት አዲስ ኖታ ያደርገዋል፤ በአንድ ከፍታ የተደገሙ ሁለት ኖታዎችን ደግሞ አንድ ረዥም ኖታ ያደርጋቸዋል። ፒዚካቶ ከሆነ ድምፁ ቶሎ ስለሚሞት ሩብ ኖታውን አሥራ ስድስተኛ አድርጎ ቀሪውን በዕረፍት ምልክት ይሞላዋል፤ ዕረፍቶቹን አጥፍቶ ሩብ ኖታ መጻፍና በላዩ «ፒዚካቶ» ማለት ይበቃል።

ስለ ምትና ስለ ባር

ተጫዋች ሰዓት አይደለም፤ በሐረጉ መጨረሻ ይዘገያል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ይቸኵላል። ኮምፒዩተሩ ይህን ሁሉ በቅንነት ሊጽፍ ሲሞክር በነጥብና በማያያዣ የታሰሩ ሠላሳ ሁለተኛ ኖታዎች ያመርታል። እነዚህን አንድ በአንድ ማረም ከንቱ ድካም ነው። የሚሻለው ድምፁን እያዳመጡ ከባዱ ምት በወደቀ ቍጥር ቁልፍ እየነኩ ለኮምፒዩተሩ ምቱን ማሳየት፥ ከዚያም ኖታውን በዚያ መሠረት እንደገና እንዲያሰፍር ማድረግ ነው። የባር መስመሩ በትክክል ሲቆም ከስሕተቱ ብዙው በራሱ ይጠፋል። ስለዚህ የምት እርማት ከኖታው ስም እርማት መቅደም አለበት።

በእኛ ዜማ የሚያጋጥም አንድ ልዩ ስሕተት አለ። ቺክቺካ የምንለው ምት በ6/8 ይጻፋል፤ ስድስቱ ስምንተኛ ኖታዎች ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ይመደባሉ። ኮምፒዩተሩ ብዙ ጊዜ በ3/4 ይጽፈዋል፤ ማለት ስድስቱን ሁለት ሁለት አድርጎ በሦስት ይመድባቸዋል። የኖታው ቍጥር አልተለወጠም፤ ርዝመቱም ያው ነው፤ ነገር ግን ወረቀቱን አይቶ የሚጫወት ሰው ኃይሉን በማይሆን ቦታ ስለሚጥለው ለእስክስታ የማይሆን ዜማ ይወጣዋል። ጭብጨባው የት እንደሚወድቅ ያዳመጠ ሰው ግን አይሳሳትም።

ስለ ሻርፕ፥ ስለ ፍላትና ስለ ቅኝት

ኮምፒዩተሮችና የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ኖታን የሚለዋወጡበት ሚዲ የተባለ ቋንቋ አለ። በዚህ ቋንቋ ኖታ ስም የለውም፤ ቍጥር ብቻ ነው፤ የቫዮሊኑ ክፍት ክሮች 55፥ 62፥ 69 እና 76 ናቸው። ዶ ሻርፕና ሬ ፍላት ሁለቱም 61 ናቸው። ብዙ ፕሮግራም ድምፁን በመጀመሪያ ወደዚህ ቍጥር ለውጦ ኋላ ስም ስለሚያወጣለት ስሙን ይስታል። ለፒያኖ ተጫዋች ያው አንድ ጥቍር ቁልፍ ነው። ለቫዮሊን ተጫዋች ግን የኖታው ስም ጣቱን ይነግረዋል፤ በላ ክር ላይ ሬ ሻርፕ ተብሎ ከተጻፈ ሦስተኛውን ጣት ከፍ ያደርጋል፤ ሚ ፍላት ከተባለ አራተኛውን ወደ ኋላ ይስባል። ስሙ ከተሳሳተ እጁ ይደናበራል፤ ድምፁም ይዛነፋል።

የመስመሩን ራስጌ ምልክት በሚመለከት፥ ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ባለ ሰባት ድምፅ የሆኑትን የአውሮፓ ማጆርና ማይነር ነው። ትዝታን ከዶ ተነሥተን ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ ብለን ብንጫወት፥ ፋና ሲ ስለሌሉ ዜማው ለዶ ማጆርም፥ ለፋ ማጆርም፥ ለሶል ማጆርም ይስማማል፤ ኮምፒዩተሩም ከሦስቱ አንዱን እንደ ዕጣ ያወጣል። ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ አይቶ መወሰን የአራሚው ሥራ ነው። አንቺሆዬ ደግሞ ዶ፥ ሬ ፍላት፥ ፋ፥ ሶል ፍላት፥ ላ ሲሆን፥ ከተለመዱት የራስጌ ምልክቶች በአንዱም በትክክል አይገባም። ኮምፒዩተሩ አምስት ፍላት አስቀምጦ ከላ ፊት ሁልጊዜ ናቹራል ሲጽፍ ይገኛል። ራስጌውን ባዶ አድርጎ ሁለቱን ፍላቶች በየቦታቸው መጻፍ ለንባብ ይቀላል። በተጨማሪ፥ የቅኝቶቻችን ድምፆች ሁልጊዜ በፒያኖው አሥራ ሁለት ቤት ልክ አይቀመጡም፤ ኮምፒዩተሩ ወደ ቅርቡ ቤት እየገፋ ስለሚጽፍ፥ ጆሮ የሚያውቀው ልዩነት ካለ ከኖታው በላይ በትንሽ ቀስት ማመልከት ይገባል።

አንድ ምሳሌ ከባኽ

ለመለማመጃ የሚሆን ዜማ ለሚፈልጉ፥ ባኽ ለብቻው ቫዮሊን ከጻፋቸውና በገዛ እጁ ጽሑፍ 1720 የሚል ዓመት ከተጻፈባቸው ስድስት ሥራዎች የመጨረሻው የሚከፈትበትን ፕሬሉዲዮ እመርጥላቸዋለሁ። ዜማው በሚ ማጆር፥ በ3/4፥ 138 ባር ነው፤ አብዛኛው በአሥራ ስድስተኛ ኖታ የሚፈስ ነው። ክፍቱ የሚ ክር በሌሎች ኖታዎች መካከል እየተመላለሰ የሚገዘገዝበት ረዘም ያለ ክፍል አለው፤ በዚያም ያው ሚ በአንድ ወገን በክፍቱ ክር፥ በሌላ ወገን በላ ክር ላይ በጣት ተይዞ ይሰማል። ከፍታቸው አንድ ነው፤ የተለየው የድምፁ ቀለም ብቻ ነው። ቀለም የማያውቀው ኮምፒዩተር ሁለቱን አንድ ስምንተኛ ኖታ ያደርጋቸዋል፤ ወይም ክፍቱ ክር ስለሚያስተጋባ ሚን ከታች እንደሚዘልቅ ረዥም ኖታ ጽፎ ሌሎቹን በላዩ ይደርባል።

እርማቱ በቍጥር ይጀመራል። በ3/4 ባር ውስጥ አሥራ ሁለት አሥራ ስድስተኛ ኖታ ሊኖር ይገባል፤ አሥር ወይም አሥራ አንድ ከተገኘ የጠፋው ሚ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የእጁን እንቅስቃሴ መከተል ነው፤ የደጋኑ አካሄድ በየባሩ አንድ ዓይነት ንድፍ ስለሚደግም፥ አንዱ ባር በትክክል ከታወቀ የሚቀጥለው ባር የት እንደ ጎደለ ራሱ ያሳያል። ሲጨርሱ ከታተመው ጋር ማመሳከር ይቻላል። የዚህ ልምምድ ጥቅሙ ይህ ነው፤ መልሱ ያለበት ቦታ ላይ ዘዴውን ተምሮ መልሱ ወደሌለበት ካሴት መሄድ።

በማመሳከር ጊዜ አንድ ነገር እንዳያሳስት ላስታውስ። ከላይ የጠቀስነው የመጀመሪያው ሶናታ በሶል ማይነር ቢሆንም በባኽ እጅ የተጻፈው በአንድ ፍላት ነው፤ ኮምፒዩተሩ በሁለት ፍላት ይጽፈዋል። ይህ የዘመን ልማድ ልዩነት ስለሆነ እንደ ስሕተት አይቈጠርም።

ተጫዋቹ ራሱ ሲሳሳት

አንዳንድ ጊዜ ኮምፒዩተሩ በትክክል ሰምቶ የተሳሳተው ተጫዋቹ ይሆናል። ይታረም ወይስ ይቀመጥ? አሜሪካዊው የሙዚቃ ሊቅ ቻርልስ ሲገር እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ ሁለት ዓይነት የሙዚቃ አጻጻፍ ለይቷል፤ አንዱ እንዴት እንደሚጫወቱት ለማዘዝ የሚጻፍ፥ ሁለተኛው እንዴት እንደ ተጫወቱት ለመመስከር የሚጻፍ። ለክበቡ ልምምድ የሚሆነው የመጀመሪያው ነው፤ የተንሸራተተች ጣት ትታረም። ለማኅደር የሚቀመጠው ሁለተኛው ነው፤ በእርሱ ላይ የተሰማው ሁሉ ይጻፍ። ሁለቱን በአንድ ወረቀት መደባለቅ ግን ለማንም አይጠቅምም። የሀንጋሪው ቤላ ባርቶክ ከሕዝብ የሰበሰበውን ዜማ ከብዙ ዓመታት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. ከ1934 እስከ 1940 በአገሩ የሳይንስ አካዳሚ ተቀምጦ፥ የተቀረጸውን ድምፅ እንደገና እያዳመጠ የቀድሞ ጽሑፉን ያርም ነበር። ሊያርም የቻለው የተቀረጸው ድምፅ ስለ ተጠበቀ ነው።

ስለዚህ ከኮምፒዩተሩ የወጣው የመጀመሪያ ጽሑፍ ሳይነካ ለብቻው ይቀመጥ፤ እርማቱ የሚሠራው በግልባጩ ላይ ነው፤ ለዚህም ሙዝስኮር የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃል። በታረመው ገጽ ራስጌ ዜማው ከየትኛው ካሴት ወይም ሸክላ እንደ ተወሰደ፥ ክፍቱ ላ ስንት ሆኖ እንደ ተለካና ፍጥነቱ ምን ያህል እንደ ተስተካከለ፥ ማን በስንት ቀን እንዳረመው ይጻፍ። አራሚው በጆሮውም በእጁም ሊወስን ያልቻለው ኖታ በቅንፍ ገብቶ በላዩ የጥያቄ ምልክት ይደረግበት፤ ካሴቱም ከወረቀቱ ጋር በአንድ ፖስታ ይቀመጥ።